በእንቅልፍ ላይ ለሚቆራረጥ ትንፋሽ ቀዶ ሕክምና ያዋጣልን?

ጥያቄ፣ ከአዳማ፦
ባለቤቴ የ44 ዓመት ሰው ሲሆን በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ያሽከረክራል። ሌሊት በኃይል ያንኮራፋል፤ በመካከሉም ትንፋሹ ጸጥ ይልና ታንቆ እንደተለቀቀ ሰው ደንግጦ ይነቃል። በእንቅልፍ ምርመራ ትንፋሹ በሰዓት 34 ጊዜ እንደሚቋረጥ ወይም እንደሚቀንስ ታውቋል። ሲፓፕ የተባለው የአየር ግፊት ማሽን ቢታዘዝለትም፣ ብዙውን ሌሊት ጋቢና ውስጥ ስለሚያድር ሊጠቀምበት አልቻለም። ከአንገት በላይ ሐኪሙ ቶንሲሉ ትልቅ መሆኑን አይተው፣ እሱን አውጥቶ ላንቃውን ማስተካከል እንደሚቻል ነግረውታል። ቀዶ ሕክምናው በሽታውን ያድነዋል ወይስ ማንኮራፋቱን ብቻ ያጠፋዋል?

መልስ፣ ከአንገት በላይ ሐኪም፣ ሐዋሳ፦
እህቴ፣ በሰዓት 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ ውጤት ከባድ ደረጃ ስለሆነ ጉዳዩን በቁም ነገር መያዝዎ ተገቢ ነው። እንጥልንና የላንቃን ጫፍ የሚያስተካክለው ቀዶ ሕክምና ለዚህ በሽታ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የሚታወቅ ቢሆንም፣ ሳይመረጥ ለሁሉም አዋቂ ሲሠራ የሚሳካለት ከግማሽ በታች ለሚሆኑት ነው። ውጤቱን የሚወስነው ጉሮሮው የሚዘጋበት ቦታ ነው፤ ቶንሲሉ ትልቅ ሆኖ ምላሱ መተላለፊያውን ካልሸፈነ ተስፋው ጥሩ ነው፣ መዘጋቱ ከምላስ ሥር ከሆነ ግን ላንቃን መቁረጥ ብቻውን አይከፍተውም። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ በሚያስተኛ መድኃኒት አስተኝቶ ጉሮሮውን በቀጭን ካሜራ መመልከት ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። መንጋጋን ወደ ፊት የማውጣት ቀዶ ሕክምና ከዚህ የበለጠ ውጤታማ ነው፤ ነገር ግን አጥንት የሚቆረጥበት ከባድ ሥራ ነው። ማንኮራፋቱ ጠፍቶ የትንፋሹ መቋረጥ ሊቀጥል ስለሚችል፣ ቁስሉ ከዳነ ከጥቂት ወራት በኋላ የእንቅልፍ ምርመራው መደገም አለበት።

መልስ፣ ማሽኑን የሚጠቀም አባል፦
በባትሪ የሚሠሩ ትናንሽ ሲፓፖችም አሉ፤ ማሽኑን ከመተው በፊት ይህን ይጠይቁ።

መልስ፣ የሰመመን ባለሙያ፣ አዳማ፦
ቀዶ ሕክምናው ከተወሰነ፣ የእንቅልፍ ምርመራውን ውጤት ሰመመን ለሚሰጠው ባለሙያ አስቀድማችሁ አሳዩ። ሰመመንና ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ጉሮሮን ይበልጥ ስለሚያላሉ፣ የመጀመሪያውን ሌሊት ኦክስጅኑ እየተለካ ሆስፒታል ማደር ይኖርበታል። ከቶንሲል በኋላ መድማት ከሳምንት በኋላም ሊከሰት ስለሚችል፣ ሁለት ሳምንት እስኪያልፍ ከሆስፒታል ርቆ ወደ ጅቡቲ መስመር አይውጣ፤ ከአፉ ደም ካየም ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ከዚያ በፊትም ቢሆን ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥለው ከሆነ፣ ሕክምናው እስኪረጋገጥ ድረስ መሪ መያዝ የለበትም።