እህቴ ከሜሪላንድ ወጥታ ቨርጂኒያ ገባች፤ የድርጅታችን ወኪል አድራሻ እንዴት ይሁን?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እናቴ ሰኞ ገበያ የምታስፈጨውን በርበሬና ሽሮ እኔ እልካለሁ፣ እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ትሸጣለች። ለዚሁ ብለን ሜሪላንድ ውስጥ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) አውጥተናል። ወኪል ሆና የተመዘገበችው እሷ ናት፣ ቢሮ ተብሎ የተጻፈውም አፓርታማዋ ነው። አሁን አሌክሳንድሪያ ቤት ተከራየች። "ፖስታ ቤት ሄጄ ደብዳቤ በአዲሱ ቤቴ እንዲመጣልኝ አስመዝግቤያለሁ፣ አለቀ" ትለኛለች። እኔ ግን ሆዴ አላመነም። ሱቄን ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ ሳዞር ንግድ ፈቃዱ ላይ ቀበሌዋን ለማስቀየር ስንት ቀን እንደተመላለስኩ የማውቀው እኔ ነኝ። እዚያ እንዲሁ ያልፋል?

ገራዶ፦
አብሽር ወንድሜ! ቦርከናን እንደመሻገር አይደል እንዴ? የቨርጂኒያውን ጻፉ፤ ካልሆነም ፖስታ ሣጥን ስጡ።

ደብተር ያዥ (ሜሪላንድ)፦
ሁለቱም አይሆንም። ወኪል የሚያስፈልገው ድርጅቱ ቢከሰስ መጥሪያ የሚቀበል ሰው እዚያው ግዛት ውስጥ እንዲገኝ ነው፤ ሣጥን መጥሪያ አይቀበልም። ሜሪላንድ ደግሞ ግለሰብ ወኪል እዚያው ነዋሪ ይሁን ትላለች። ስለዚህ የእህትህን አድራሻ ማረም አይበቃም፣ ሰው ቀይሩ። አዲሱ ወኪል መስማማቱን በፊርማው ያረጋግጣል፣ ክፍያው 25 ዶላር ነው። የቢሮውንም አድራሻ አብራችሁ ቀይሩ፣ እሱም ሜሪላንድ ውስጥ መሆን አለበት። የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤቱ ግን ከግዛቱ አይሰማም፤ ለእሱ 8822-ቢ የሚባለውን ቅጽ ለብቻ ሙሉ። ዓመታዊ ሪፖርቱም በኤፕሪል 15፣ በእኛ ሚያዝያ 7፣ 300 ዶላር አለበት። ደብዳቤ አልደረሰኝም ብትል የሚሰማህ የለም።

የጦሳ ልጅ፦
አላህ ይስጥልኝ። እዚያው ሜሪላንድ፣ ዊተን ያለች የአክስቴ ልጅ ጋ ደወልኩ። "በርበሬውን እበላለሁ እንጂ ፊርማ ውስጥ አታስገቡኝ" ብላ ሳቀች፤ ኋላ እሺ አለች። የቀረው የአባቷ ስም ነው፦ መሐመድ በእንግሊዝኛ በአንድ ኤም ይሁን በሁለት፣ እሷ ራሷ እርግጠኛ አይደለችም። መንጃ ፈቃዷን ፎቶ አንስታ እንድትልክልኝ ነግሬያታለሁ። እዚህ ኔትወርኩ ከተመለሰ ማታ አየዋለሁ።