ፌሪቲን 46፣ ሲአርፒ 24፦ የብረት እጥረት አለ ወይስ የለም?

ሰላም ለሁላችሁ። የማይክሮኒውትረንት ሜታቦሊዝም ኮርስ ላይ የተሰጠን ኬዝ አንድ ቦታ ላይ ይዞኛል፤ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

ታካሚዋ የ34 ዓመት ሴት ናት፣ እርጉዝ አይደለችም። ሄሞግሎቢን 10.4 ግራም በዴሲሊትር፣ ፌሪቲን (የብረት ክምችትን የሚያሳይ ፕሮቲን) 46 ማይክሮግራም በሊትር፣ ሲአርፒ (የብግነት ጠቋሚ) 24 ሚሊግራም በሊትር፣ የትራንስፈሪን ሙሌት (የደሙ ብረት ተሸካሚ ፕሮቲን ምን ያህል ብረት እንደያዘ) 11 በመቶ፣ የሚሟሟው ትራንስፈሪን ሪሴፕተር (ሴሎች ብረት ሲያንሳቸው ደም ውስጥ የሚጨምር) 3.2 ሚሊግራም በሊትር።

የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ ያስቀመጠው የፌሪቲን መቁረጫ 15 ስለሆነ 46 ደህና ይመስላል። ነገር ግን ፌሪቲን በብግነት ጊዜ ይጨምራል፤ ብግነት ካለ መቁረጫው 70 ነው፣ በዚህ ከሄድን እጥረት አለ። የሙሌቱ መውረድ ብቻውን አይለይልኝም። ኢንተርሉኪን 6 (የብግነት መልእክተኛ) ሄፕሲዲንን (ብረትን የሚቆጣጠር ሆርሞን) ያንራል፣ ሄፕሲዲን ደግሞ ፌሮፖርቲን (ብረትን ከሴል የሚያስወጣ ፕሮቲን) እንዲፈርስ ያደርጋል፣ ብረቱም ማክሮፋጅ (የመከላከያ ሴል) ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። ስለዚህ ክምችቱ ሙሉ ሆኖም ሙሌቱ ሊወርድ ይችላል።

የተያዝኩት እዚህ ላይ ነው። ሪሴፕተሩን በፌሪቲን ሎግ (መሠረት 10) ሳካፍል፣ ማለትም ኢንዴክሱን ሳሰላ፣ 3.2 ÷ 1.663 = 1.92 ይመጣል። ከ1 በታች የብግነት ደም ማነስ፣ ከ2 በላይ ደግሞ የብረት እጥረት የተጨመረበት ተብሎ ይነበባል፤ የእኔ መሃል ላይ ወደቀ። ፌሪቲኑን ለብግነት አስተካክዬ፣ ለምሳሌ 30 ብለው፣ ውጤቱ 2.17 ይሆንና ፍርዱ ይገለበጣል።

ኢንዴክሱ ውስጥ የሚገባው ያልተስተካከለው ፌሪቲን ነው ወይስ የተስተካከለው? እኔ ያልተስተካከለው ይመስለኛል፣ መቁረጫዎቹ የወጡት ብግነት ካለባቸው ታካሚዎች ስለሆነ ማስተካከሉ ሁለት ጊዜ መቁጠር ይሆናል። ልክ ነኝ? የሪሴፕተሩ መለኪያ ኪት ሲለያይስ 1 እና 2 እንዳሉ ይሠራሉ?