የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ራሴ ብቀይረው ችግር አለው?

ጠያቂው
ሰላም ጓዶች። የሞተር ዘይት ራሴ ነው የምቀይረው፣ ክሪክም፣ የተነሳ መኪና ደግፎ የሚይዝ ካቫሌቶም አለኝ። አሁን የካምቢዮውን ልሞክር አስቤያለሁ። መኪናዋ አውቶማቲክ ናት፣ 140 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች፣ ከእኔ በፊት ተቀይሮ ይሁን አይሁን የሚናገር ወረቀት የለም። ማርሽ ስትቀይር አትመታም፣ አትንሸራተትም። አንዱ መካኒክ «እስከ ዛሬ ካልተቀየረ አትንካው፣ ከነካኸው ይሞታል» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ዘይቱ የዕድሜ ልክ ነው» ይላል። የቱን ልመን? የዘይት መለኪያ ዘንግም የላትም።

ፍሪሲዮን
ትችላለህ። ግን መጀመሪያ የመሙያውን ታፖ (ቀዳዳውን የሚደፍነውን ቡሎን) ፍታ፣ የማፍሰሻውን አይደለም። ዘይቱ ካለቀ በኋላ መሙያው ዝጎ እምቢ ቢልህ መኪናዋ እዚያው ቀረች ማለት ነው፣ ነድተህ ጋራዥ እንኳን አትወስዳትም። እምቢታውን ቀድመህ ካወቅህ ግን አሮጌው ዘይት ውስጧ ነው፣ ምንም አልጎደለብህም።

የሚፈሰውን ልኬት ባለው ዕቃ ተቀበል፣ ቀዝቅዞ ለካ፣ ምክንያቱም ትኩስ ዘይት ስለሚሰፋ ከልኩ በላይ ይታያል። በማፍሰሻው የሚወጣው ቢበዛ ግማሹ ነው፣ የቀረው ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) እና የማቀዝቀዣው ቱቦ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ መጽሐፏ 8 ሊትር ስላለ 8 ሊትር እንዳትገለብጥባት። 3 ሊትር ተኩል ወጣ? 3 ሊትር ተኩል መልስ፣ ከዚያ ልኩን ታረጋግጣለህ። ከበዛ አረፋ ይሠራል፣ ካነሰ ማርሹ ይንሸራተታል።

የሚሠራ አይነካም
እኔ ከመጀመሪያው መካኒክ ጋር ነኝ። ጎረቤቴ ቀየረ፣ ብዙም ሳይቆይ ካምቢዮው መንሸራተት ጀመረ። ደህና እየሄደች ምን አስቸኮለህ?

ባለ መፍቻው
የጎረቤትህ ካምቢዮ ሳይታመም ነው የተቀየረለት? ብዙ ሰው ስለ ካምቢዮ ዘይት የሚያስበው ማርሹ ማስቸገር ሲጀምር ነው፣ ከዚያ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ያለቀ ፍሪሲዮን (ማርሹን ጨብጦ የሚይዘው ሸራ) አልድን ሲል ጥፋቱን አዲሱ ዘይት ላይ ይለጥፋል። የጠያቂው መኪና እኮ ደህና ናት፣ መቀየሪያው ጊዜ አሁን ነው።

«የዕድሜ ልክ» የሚለውን ደግሞ ተወው። ዜድኤፍን ታውቁታላችሁ፣ ለቢኤምደብሊው ካምቢዮ የሚሠራው የጀርመን ኩባንያ። ራሱ ኩባንያው ዘይቱ ከ80 ሺህ እስከ 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲቀየር ይመክራል። ካምቢዮውን የሠራው ሰው ቀይሩ እያለ እኛ ምን አከራከረን?

መፍራት ያለብህ በማሽን በግፊት ማጠብን ነው። ለዓመታት የተጠራቀመ ቆሻሻ ተነስቶ የቫልቮቹን ቀጫጭን ቀዳዳ ሊደፍን ይችላል። አንተ አፍስሰህ ሙላ፣ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ንዳት፣ እንደገና አፍስሰህ ሙላ። በየዙሩ 40 በመቶ ቢወጣ ከሁለተኛው በኋላ 64 በመቶው አዲስ ይሆናል፣ ከሦስተኛው በኋላ ወደ 78 ይደርሳል። ከዚያ በላይ ዘይት ማባከን ነው።

የዘይቱን ዓይነት ከመኪናዋ መጽሐፍ አንብብ እንጂ ከሻጭ አፍ አትቀበል። ካምቢዮዋ ሲቪቲ (በማርሽ ጥርስ ፈንታ በቀበቶ ወይም በሰንሰለት የሚሠራ) ከሆነ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት አትሞክር፣ በአጭር ጊዜ ይበላሻል።

ጠያቂው
እሺ ይሄ አሳመነኝ። ግን ዘንግ ከሌላት ልኩን በምን አውቃለሁ?

ፍሪሲዮን
ዘንግ የሌላቸው አብዛኞቹ ኮፓው (ከካምቢዮው ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ላይ ወይ ጎኑ ላይ የልክ ታፖ አላቸው። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። መኪናዋ ሜዳ ላይ እንደቆመች ያህል ቀጥ ማለት አለባት። ፊቷን ብቻ ካነሳህ ልኩ ይሳሳታል፣ አራቱንም ጎን በካቫሌቶ ትይዛለህ፣ በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር ደግሞ በጭራሽ አትገባም።

ሞተሩን አስነሳ፣ ፍሬን ረግጠህ ማርሹን ከፓርክ እስከ ድራይቭ በየቦታው ትንሽ እያቆየህ አዙረው፣ ወደ ፓርክ መልስ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዝ። ሞተሩ እየሠራ ዘይቱ ፋብሪካው ያዘዘው ሙቀት ላይ ሲደርስ የልኩን ታፖ ትፈታለህ። በብዙዎቹ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፣ ሙቀቱን መኪናዋ ላይ በሚሰካ የኮምፒውተር ማንበቢያ ታየዋለህ። ዘይቱ እንደ ክር ቀጥኖ ወርዶ ወደ ጠብታ ሲለወጥ ዝጋ። ምንም ካልወጣ ጎድሏል፣ በመሙያው ጨምር። ጭስ ማውጫው ይፈጃል፣ እጅህን ጠብቅ።

ባለ መፍቻው
ኮፓውን ካወረድክ ማግኔቱን እይ። እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ነገር የተለመደ ነው፣ ጠርገህ መልሰው። በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ካገኘህ ግን ወይም ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተህ፣ ችግሩ ዘይት በመቀየር የሚፈታ አይደለም፣ ለካምቢዮ ሰው አሳያት። የኮፓውን ቡሎኖች ደግሞ በመስቀል እያዘዋወርክ በልኩ አጥብቅ፣ አልሙኒየም ላይ ጉልበት ካበዛህ ጥርሱ ይበላል።

ጠያቂው
የታፖዋን ቀለበት መልሼ ብጠቀማት?

ባለ መፍቻው
አዲስ አድርግ። አንዴ የተጨፈለቀች ቀለበት ታንጠባጥባለች።