የአላስካ መንደሮች፦ ነፋስ እያለ ናፍጣው ለምን አይቀርም?

ጥያቄ (ደጋማው)
ሰላም ለሁላችሁ። ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ተነጥለው በናፍጣ ስለሚኖሩ የምዕራብ አላስካ መንደሮች ኢኮኖሚ ነው ጥያቄዬ። ናፍጣው በጭነት ጀልባ የሚደርሰው ባሕሩ ከበረዶ በሚላቀቅባቸው ጥቂት ወራት ነው፤ የዓመቱ ቀለብ ያኔ በታንከር ይከማቻል። ለስሌት እንዲመች አማካይ ጭነቱ (የኤሌክትሪክ ፍላጎቱ) 150 ኪሎዋት የሆነ መንደር እንውሰድ። 1 ሊትር 3.6 ኪሎዋት ሰዓት ቢሰጥ በዓመት 365,000 ሊትር ገደማ ይነዳል። ሁለት ባለ 100 ኪሎዋት የነፋስ ተርባይኖች ቢተከሉ፣ ነፋሱ ሲበረታ ከፍላጎቱ በላይ ይሰጣሉ። ታዲያ ጄኔሬተሩ ለምን አይጠፋም? የቤቶች የመብራት ሂሳብስ ለምን እምብዛም አይቀንስም?

መልስ 1 (ባለ ዲናሞ)
ጄኔሬተርን ከአቅሙ 30 ከመቶ በታች ለረጅም ሰዓት ማሠራት ይጎዳዋል። ሲሊንደሩ በደንብ ስለማይግል ናፍጣው በሙሉ አይነድም። ያልነደደው ከጥላሸት ጋር ተለውሶ ጭስ ማውጫውን ይለብጠዋል፤ ቫልቭና የፒስተን ቀለበትም ያጣብቃል። ስለዚህ የሚሠራው ባለ 200 ኪሎዋት ከሆነ ቢያንስ 60ው የእሱ ድርሻ ነው። ከ150ው ለነፋስ የሚቀረው 90 ብቻ ሲሆን፣ ተርባይኖቹ 200 ሲሰጡ 110 ኪሎዋት መሄጃ ያጣል ማለት ነው።

ወደ ባለ 100 ጄኔሬተር ብትወርድ ድርሻው 30 ይሆናል፤ ግን ነፋሱ በድንገት ሲወድቅ 150ውን ብቻውን መሸከም አይችልም፣ መንደሩም ይጨልማል። ባትሪ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እንዲያበራ ሳይሆን ትልቁ ጄኔሬተር ተነሥቶ ጭነቱን እስኪረከብ እንዲሸፍን ነው። 200 ኪሎዋት ለ15 ደቂቃ ማለት 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ከዚያ እጥፍ አድርገህ ብትገዛ ባትሪው አይጎሳቆልም።

የአላስካዋ ኮዲያክ ደሴት ናፍጣን ከሞላ ጎደል የተወችው ቴረር ሌክ የሚባል የውኃ ኃይል ስላላት ነው። ፒላር ተራራ ላይ በ2009 ሦስት፣ በ2012 ደግሞ ሌላ ሦስት ባለ 1.5 ሜጋዋት ተርባይኖች ተተከሉ። ነፋስ ሲኖር ውኃው ይቆጠባል። ሜዳማ ጠረፍ ላይ ያለ መንደር ይህ ዕድል የለውም።

መልስ 2 (ሂሳብ አጥኚ)
የሁለተኛው ጥያቄህ መልስ ድጎማው ውስጥ ነው። የአላስካ ግዛት ለገጠር ቤቶች በወር እስከ 750 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ይደጉማል፤ ቀመሩም ከተወሰነ መነሻ ዋጋ በላይ ያለውን ወጪ 95 ከመቶ ይሸፍናል። ነፋስ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ማመንጫ ወጪን በ10 የዶላር ሳንቲም ቢቀንሰው ድጎማውም በ9.5 ሳንቲም ይቀንሳል፤ ለነዋሪው የሚደርሰው ግማሽ ሳንቲም ነው። ትርፉን በሙሉ የሚያዩት ድጎማ የማያገኙት ሱቆችና ትምህርት ቤቱ ናቸው።

በእኔ እምነት ትልቁ ነገር ያንን መሄጃ ያጣ 110 ኪሎዋት ወደ ሙቀት ማዞር ነው፤ የምድጃ ናፍጣ በዚህ ድጎማ ውስጥ የለምና ቁጠባው በቀጥታ ለቤቱ ይቀራል። ኮንጊጋናክ፣ ክዊጊሊንጎክና ቱንቱቱሊያክ የሚባሉት የምዕራብ አላስካ መንደሮች የመረጡት ይህንን ነው። ውስጡ ከባድ ጡብ ያለበት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በየቤቱ ይገባል፤ ነፋስ ሲተርፍ ጡቡ ይግላል፣ ከዚያ ለሰዓታት ቀስ እያለ ይለቃል። አንዱ ማሞቂያ 6 ኪሎዋት ቢስብ 110ው ለ18 ቤት ይበቃል። ለየብቻው ቆጣሪና ዝቅ ያለ ታሪፍ ያስፈልገዋል። የታሪፉ ጣሪያ እንዲህ ይወጣል፦ 1 ሊትር በ80 ከመቶ ብቃት 8.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል። ሊትሩ 2 ዶላር ከሆነ ኪሎዋት ሰዓቱን ከ23 ሳንቲም በታች እስከሸጥክ ድረስ ነዋሪው ያተርፋል።

አንድ ነገር እንዳትረሳ፦ ብዙ ቦታ የጄኔሬተሩ ማቀዝቀዣ ውኃ በቧንቧ ተስቦ የውኃ ማጣሪያውን ወይም ትምህርት ቤቱን ያሞቃል። ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ያ ሙቀትም አብሮ ስለሚቀር የሚተካውን ናፍጣ ከቁጠባው ቀንስ። ይህ ሳይቀነስ የቀረበ ጥናት አትመን።

ጥያቄ (ደጋማው)
ገባኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማሞቂያዎቹ በሰዓት ነው የሚበሩት? ብርዱስ ተርባይኑን አይጎዳውም?

መልስ 3 (ባለ ዲናሞ)
በሰዓት አይደለም፣ በፍሪኩዌንሲ ነው፤ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ (በሄርዝ) እየታየ ነው። ትርፍ ሲኖር ከ60 ሄርዝ ከፍ ስለሚል ማሞቂያው ይከፍታል፣ ሲወርድ ይዘጋል። ሁሉም በአንድ ቅጽበት ከከፈቱ ግን መስመሩ ይናወጣል፤ መክፈቻቸውን አንዱን ከሌላው በትንሹ አራርቀው።

ብርዱ ራሱ ይጠቅማል፤ አየሩ ከባድ ነው። በባሕር ጠለል ላይ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ፣ 1 ሜትር ኩብ አየር 1.39 ኪሎ ይመዝናል። እኛ አገር 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በ18 ዲግሪ፣ 0.9 ገደማ ነው። በእኩል የነፋስ ፍጥነት የዚያኛው ጉልበት በግማሽ ያህል ይበልጣል። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው፦ ግሪስ ይረጋል፣ ተራ ብረት ይሰባበራል፣ ምላጩ ላይ በረዶ ይጋገራል። ስለዚህ ለብርድ የተሠራውን፣ የማርሽ ዘይት ማሞቂያ ያለውን እዘዝ።

መሠረቱ ዓመቱን ሙሉ በረዶ በሆነ መሬት ውስጥ በሚገቡ የብረት ምሰሶዎች ይቆማል። የላይኛው አፈር በበጋ ስለሚላቁጥ ክሬን አይሸከምም፤ እቃው በጀልባ በበጋ ይገባል፣ ከባዱ ሥራ መሬቱ ሲጠጥር በክረምት ይሠራል። መለዋወጫውን ከናፍጣው ጋር በአንድ ጭነት አስመጣ፤ ያ ጀልባ ካመለጠ ከባዱ እቃ የሚመጣው በዓመቱ ነው።