የግሪኳ ፊደል ቴታ በግራፍ ላይ ለምን ትበላሻለች?

የደሴዋ መምህርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፊዚክስ አስተምራለሁ። በጁፒተር ኖትቡክ (ኮድ መጻፊያ ገጽ)፣ በማትፕሎትሊብ (ፓይተን የተባለው የኮድ ቋንቋ ግራፍ መሣያ) የዳገት ግራፍ እየሠራሁ ነው። የጦሳን ተራራ እያዩ ላደጉ ልጆች ዳገት ማስረዳት ደስ ይላል! የግሪክ ፊደሎቹን ስማቸውን በላቲን ጽፌ፣ ከፊታቸው ባክስላሽ (ወደ ግራ ያጋደለ ሰረዝ)፣ ዳርና ዳር የዶላር ምልክት አድርጌ ነው የማስገባው። ሲግማና ላምዳ አምረው ይወጣሉ። ቴታ ግን የመጀመሪያ ፊደሏ ተቆርጦ በላቲን «ሄታ» ተብላ ትጻፋለች። የፎንት ችግር ይሆን እንዴ? ነገ ማተም አለብኝ።

ከኮምቦልቻ፦
እህቴ፣ ፎንቱን አትንኪው። ፓይተን ባክስላሽና የላቲኑን ቲ አንድ ላይ ሲያይ ታብ (ሰፊ ባዶ ቦታ) ነው የሚመስለው፤ የተረፈውን ብቻ ይጽፋል። ታው የምትባለው ፊደልም እንደዚያው ናት። ከመክፈቻው ትእምርተ ጥቅስ በፊት ትንሿን የላቲን አር ጻፊ፤ ያኔ ባክስላሹን እንዳለ ይተወዋል። የዶላር ምልክቶቹ ይቆዩ።

ከወልድያ፦
ልክ ነው። ኑ የምትባለው የግሪክ ፊደልም ትበላሻለች፤ ባክስላሽ ኤን ማለት አዲስ መስመር ነው።

የደሴዋ መምህርት፦
ሠራ! ቴታ ቁልጭ ብላ ወጣች። አላህ ይስጣችሁ፣ ተባረኩ።