ካዲዝን በሳይክል፦ የቱን ሳይክል፣ በየትኛው ንፋስ?

ካዲዝ ሄዳችሁ ሳይክል ለመከራየት ካሰባችሁ፣ ከዋጋው በፊት ንፋሱን ጠይቁ። የምሬን ነው። ከተማዋ ከደቡብ ስፔን ተነስታ አትላንቲክ ውስጥ እንደ ጣት የተዘረጋች ናት። ዳገት የላትም ማለት ይቻላል፤ ዳገቷ ንፋሱ ነው። ከምዕራብ፣ ከውቅያኖሱ የሚመጣው ፖኒየንቴ ቀዝቀዝ ያለ ጨዋ ነው። ከምሥራቅ የሚመጣው ሌቫንቴ ግን ሲብስበት የባሕር ዳር አሸዋ አንስቶ እግራችሁን ይገርፋል።

እኔ የመጀመሪያ ቀን የኤሌክትሪክ ሳይክል ተከራይቼ ከሰርኩ። አሮጌው ከተማ ውስጥ መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሰዉም ይርመሰመሳል። ግማሹን ጊዜ ወርዳችሁ ትገፋላችሁ። ያን የሚያህል ክብደት መግፋት ደግሞ እምቢ ያለ በሬ መጎተት ነው። በማግስቱ ተራዋን የከተማ ሳይክል ወሰድኩ፤ ወፈር ያለ ጎማ፣ ጥቂት ማርሽ፣ ከፊት ቅርጫት። ለካዲዝ እሷ ትበቃለች።

ብቻ ፍሬኗን ሳልሞክር ወጣሁ። የፊቱን እስከ መጨረሻው ጨመቅኩት፤ ወይ ፍንክች! ሽቦውን የባሕር ጨው በልቶታል። አከራዩ ትከሻውን ነቅንቆ ዝም አለ። ስለዚህ ሳትፈርሙ ሱቁ ደጃፍ ላይ አንድ ዙር ንዱ። ካቴናውንም በጣታችሁ ንኩት፤ ዝገት ከያዘ ሌላ አስቀይሩ።

ከሴቪያ በባቡር የምትመጡና ታጣፊ ሳይክል ያላችሁ፣ እሱኑ ይዛችሁ ኑ። መደበኛ ሳይክል የሚቀበሉ ባቡሮች አሉ፤ ግን የሳይክል ቦታቸው ትንሽ ነው።

ከተማው ውስጥ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ሌቫንቴ በነፈሰ ቀን ሳይክሉን በከተማ ዳርቻው ባቡር ጭናችሁ ኮርታዱራ ጣቢያ ውረዱ። ከዚያ በቪክቶሪያ የባሕር ዳርቻ በኩል ወደ አሮጌው ከተማ ንዱ፤ ንፋሱ ራሱ ከኋላ ይገፋችኋል። ፖኒየንቴ ከሆነ ግልባጩን አድርጉ። ባሕረ ሰላጤውን ለመሻገር ካማራችሁ ደግሞ ወደ ኤል ፑዌርቶ ዴ ሳንታ ማሪያ በካታማራን ጀልባ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ሳይክልም ይጭናል። በባቡርም ይደረሳል፤ ለእይታ ግን ጀልባው ይበልጣል። ንፋሱ ከጠነከረ ጀልባው ስለሚቀር፣ የመመለሻ ባቡሩን ሰዓት ያዙ።

ከተማዋን ፊንቄያውያን ከቆረቆሯት ሦስት ሺህ ዓመት ገደማ ሆኗታል ይባላል። ሁሉንም አያለሁ ካላችሁ ትደክማላችሁ። እኔ የምመክረው ሁለት ነገር ነው። በካምፖ ዴል ሱር መንገድ፣ ባሕሩን በግራ ይዛችሁ ስትነዱ ካቴድራሉ ጋ ቁሙና ግድግዳውን ተመልከቱ። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1722 ተጀምሮ በ1838 ነው ያለቀው። የታችኛውና የላይኛው ድንጋይ ይለያያል፤ ገንዘብ ሲያጥራቸው ርካሹን እንደቀጠሉበት በዓይን ይታያል። ቤት የሠራ ሰው ይገባዋል።

ሁለተኛው ቶሬ ታቪራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1717 ከአሜሪካ ጋር የሚደረገውን ንግድ የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ከሴቪያ ወደዚህ ሲዛወር ከተማው በገንዘብ ተጥለቀለቀ። ነጋዴዎቹም መርከባቸውን ከሩቅ የሚያዩበት ማማ በየጣሪያቸው ላይ ሠሩ። ቶሬ ታቪራ ከነዚያ አንዱ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በመስተዋትና በሌንስ፣ ከተማው በነጭ ሰሃን ላይ ሕያው ሆኖ ይታያል። የተሰጣ ልብስ ሲወዛወዝ አይቻለሁ። ሳይክሉን ውጭ በሁለት ቁልፍ እሰሩ፤ ፍሬሙንም ጎማውንም።

ረሃቡስ? ለመቀመጫ ከሚያስከፍሉት ሬስቶራንቶች ይልቅ «ፍሬይዱሪያ» የሚባሉትን የአሣ መጥበሻዎች እመርጣለሁ። አሣውን በወረቀት ጠቅልለው ይሰጧችኋል፤ ላ ካሌታ የባሕር ዳርቻ ሄዳችሁ ግንቡ ላይ ተቀምጣችሁ ትበላላችሁ። ቶርቲይታ ዴ ካማሮኔስ ግን አይቅርባችሁ፤ ጥቃቅን ሽሪምፕ በሽምብራ ዱቄት ተለውሶ በስሱ የተጠበሰ ነው። ሽሮ ያሳደገው ሰው ገና ሽታው ሲመጣ ያውቀዋል። ለሁለት ሰው አንድ ሰሃን ይበቃል ይሏችኋል። አይበቃም።