የልጄ ሽቦ ጉንጯን እየወጋት ነው፣ ክሊኒኩ እስከ ሰኞ ዝግ ነው፣ ምን ላድርግ?

የኮዬዋ እናት (ቅዳሜ ማታ 2:10)
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። የልጄ ሽቦ ወጥቶ ጉንጯን እየወጋት ነው። እያለቀሰች ነው። ያሳሰርናት ሐሙስ ነው። ክሊኒኩ ጋ ስደውል ስልክ አይነሳም፣ እሁድ ደግሞ አይሠሩም። ያለሁት ኮዬ ፈጬ ነው፣ ዝናቡ አላባራም፣ በዚህ ሰዓት ታክሲ የለም። አፏን ስትከፍት ደም አያለሁ። ልንቀለው ወይስ ልተወው?

ጀሞ 2
የቱ ሽቦ ነው? መንጋጋዋ ተሰብሮ ነው የታሰረችው? ወንድሜ አደጋ ደርሶበት መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ነበር። እሱ ዓይነት ከሆነ በጭራሽ እንዳትነኪው፣ በዝናብም ቢሆን ሆስፒታል ውሰጃት።

የኮዬዋ እናት
ይቅርታ፣ ደንግጬ ነው። አደጋ አይደለም። ብሬስ ነው፣ የጥርስ ማስተካከያው። 13 ዓመቷ ነው። ፍልሰታ ስለሆነ ከሰዓት ቡና ሳፈላ ቆሎ ቆልቼ ነበር፣ አንድ እፍኝ አንስታ ስትበላ ቀጭ አለ። ከዚያ ወዲህ ነው የሚወጋት።

የቃሊቲ ልጅ
አይዞሽ እህቴ። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ አስሬ ነበር። የሰፈር ልጆች «ባቡሩ ቃሊቲ ደርሶ አልቆመም፣ አፍህ ገባ» ይሉኝ ነበር። የኋላው ሽቦ የኔንም ጉንጭ ብዙ ጊዜ ወግቶታል። ቤት ውስጥ ጫፉ ላይ ላጲስ ያለው እርሳስ አይጠፋም መቼም። ላጲሱን በፈላ ውሃ እጠቢው፣ እጅሽንም በሳሙና ታጠቢ። ከዚያ የሽቦውን ጫፍ በላጲሱ ቀስ አድርገሽ ወደ ጥርሱ አስጠጊው። ቀጭን ስለሆነ ብዙ ጊዜ እሺ ይላል። የስልክ መብራት ሌላ ሰው ይያዝልሽ። የኔን እናቴ ስታጥፍ ባትሪ የሚይዘው አባቴ ነበር። እጁ ይንቀጠቀጥና ሳቄ ይመጣል፣ ስስቅ ሽቦው ይወጋኛል፣ እናቴ ሁለታችንንም ትቆጣለች። ግን ታጥፎልኛል።

የለገጣፎ አባት
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለቱንም ልጆቼን ስላሳሰርኩ ከመጀመሪያው ላስረዳ፣ ብዙ ወላጅ ምን እንደሚጠብቀው ሳያውቅ ስለሚገባበት ነው። ጥርስ እንደ ቋሚ በሲሚንቶ የተተከለ ነገር አይደለም። በሥሩና በአጥንቱ መሃል ስስ ጅማት አለ። ሽቦው ጥርሱን ሲገፋው፣ በሚገፋበት በኩል ያለው አጥንት እየሟሟ ቦታ ይለቃል። በኋላው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሞላል። ይህ ሥራ በችኮላ አይሆንም፣ ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 24 ወር የሚፈጀው። ሲታሰር አያምም። ሕመሙ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ይጀምራል፣ በማግስቱ ይብሳል፣ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይለቃል። በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ሲያስተካክሉት ደግሞ ለአንድ ሁለት ቀን መለስ ይላል። ስለዚህ ሐሙስ የታሰረች ልጅ ቅዳሜ ብታለቅስ አይግረምሽ። ሁሉም ሲያልቅ ደግሞ ጥርሱን ባለበት የሚይዝ ማቆያ ይሰጧታል። እሱን ካላደረገች ጥርሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የኔ ትልቁ ልጅ ማቆያውን ትቶት ከዓመት በኋላ የታችኞቹ ተጣመሙ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ለጊዜው ቅርንፉድ ታኝክ፣ ያደነዝዛል።

የኮዬዋ እናት
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ያሉትን ነገ ደግሜ አነበዋለሁ። አሁን ግን ጥርሷ አይደለም የሚያማት፣ ጉንጯ ነው። የቃሊቲ ልጅ፣ ላጲሱን እየሞከርኩት ነው።

ነርስ ከአያት
እናቴ፣ ደሙ ምን ያህል ነው? ምራቋ ቀላ ካለ ብቻ ጭረት ነው፣ አትደንግጪ። ንጹሕ ጨርቅ ወይም ጎዝ አጥፈሽ ለ10 ደቂቃ በጣትሽ ያዢላት፣ እየመላለስሽ አትዪው። አልቆም ካለ ወይም ፊቷ ካበጠ ግን ዝናብ ሳትዪ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት። ቅርንፉዱ ይቅር። ጋሼ አይቀየሙኝ፣ ቅርንፉድ ለጥርስ ሕመም ቢረዳም የተላጠ ጉንጭ ላይ ያቃጥላል፣ ደግሞም ጠንካራ ነው፣ ሌላ ነገር ያስነቅላል። ሞቅ ባለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠሽ ታጉመጥምጠው፣ አትዋጠው። አሁን አንድ ነገር እዪልኝ። ሽቦው ተሰብሯል ወይስ ከኋለኛው ጥርስ ብረት ቀዳዳ ሾልኮ ነው የወጣው? ጥርሷ ላይ ከተለጠፉት ትንንሽ ብረቶች አንዱ የሚዞር አለ?

ጀሞ 2
ብሬስ ከሆነማ ቀላል ነው። ፒንሳ ካለሽ ቁረጪው። ብረት ብረት ነው።

ነርስ ከአያት
ወንድሜ፣ በፒንሳ አይሆንም። ፒንሳ ሽቦውን ይዞ ሲጎትት ደህናዎቹን ብረቶችም ይዞ ይነቅላል። የተቆረጠው ቁራጭ ደግሞ ወደ ጉሮሮ ሊገባ ይችላል፣ ልጅቷ እያለቀሰች ነው፣ ትንፋሿን ስትስብ ይሄዳል። መቁረጥ የመጨረሻው አማራጭ ነው። እሱም ቢሆን በተቀቀለ ጥፍር መቁረጫ፣ ከሥሩ ጥጥ ተደርጎ፣ ጭንቅላቷን ወደ ፊት ደፍታ ነው። ዛሬ እዚያ አያደርስም። ከመነሻው ቁራጭ ውጣ ከሆነና ሳል ወይም ትንፋሽ ማጠር ከታየባት ግን ሌላ ነገር አትሞክሪ፣ ቀጥታ ሆስፒታል።

የሱሉልታዋ
የጨው ውሃ አድርጊላት እህቴ፣ ፍቱን ነው። ሽቦው ላይ ደግሞ ሰም ይደረጋል። የሚሸጠው ከሌለሽ ቤት ካለው ጧፍ ትንሽ ቆርሰሽ አሙቂና ለጥፊው። ጧፍ የንብ ሰም ነው፣ ምንም አይላትም።

የለገጣፎ አባት
የዛሬ ጧፍ ሁሉ የንብ ሰም አይደለም ልጄ። ብዙው ፓራፊን የተቀላቀለበት ነው፣ መሃሉም ክር አለው። ከተከፈተ ቁስል ጋር ባይገናኝ ይሻላል።

ፍንጭቷ
እኔ ግን መጀመሪያ መጠየቅ የምፈልገው ለምን አሳሰርሻት? ገና 13 ዓመቷ ነው። እኛ አገር ፍንጭት ውበት ነው፣ ፍንጭት እያለች ሴት አያቴ ስታሞግሰኝ ነው ያደግኩት። አሁን ሁሉም ልጅ በስልክ የሚያየውን ጥርስ ይፈልጋል። እግዜር የሰጣትን ትታችሁ ልጅቷን ታሰቃያላችሁ። በየወሩ ከኮዬ የምትመላለሱበት ታክሲና ቀኑስ?

የኮዬዋ እናት
እህቴ፣ ፍንጭት ቢሆን አልነካውም ነበር፣ እኔም ፍንጭት ነኝ። የሷ የላይኛው ክራንቻ ቦታ አጥቶ ድዱ ላይ ወጥቷል። የታችኞቹ ደግሞ ስትነክስ ላንቃዋን እየነኩ ያቆስሏታል። እንጀራ ስትጎርስ እንኳ በአንድ ጎን ነው። ክፍል ውስጥ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ሁለት ዓመት ዕቁብ ጠብቄ ነው ያሳሰርኳት፣ ለቁንጅና ብቻ አይደለም።

ፍንጭቷ
እሱን አላወቅሁም፣ ይቅርታ። ትማርልሽ።

የኮዬዋ እናት (2:55)
ነርስዬ፣ አየሁት። ሽቦው አልተሰበረም። ከመጨረሻው ጥርስ ብረት ቀዳዳ ነው የወጣው፣ ጫፉ ወደ ጉንጯ ዞሯል። ከሱ ፊት ያለው ብረት ከጥርሱ ለቆ ሽቦው ላይ ይሽከረከራል። በላጲሱ ገፋሁት፣ ትንሽ እሺ አለ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልገባም። ደሙ ቆሟል።

ነርስ ከአያት
ጎበዝ። የለቀቀውን ብረት ሽቦው ላይ እንዳለ ተዪው፣ አትንቀዪው፣ አትለጥፊውም። ሱፐር ግሉ የሚል ሰው ቢመጣ እንዳትሰሚው። አሁን የሚቀረው ሰም ነው። ሐሙስ ስትወጡ ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን አልሰጧችሁም? ውስጡ ነጭ ወይም ግልጽ ቀጫጭን ዘንጎች ያሉት፣ ማስቲካ የሚመስል።

የኮዬዋ እናት
ኧረ አለ! ከቀጠሮ ካርዱ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ለማጽጃ መስሎኝ ነበር። እንዴት ነው የሚደረገው?

የቃሊቲ ልጅ
እሱ ካለሽማ ተገላገልሽ። የምስር ፍሬ የሚያህል ቁረጪና በጣቶችሽ መሃል አድቦልቡለሽ አሙቂው። የሽቦውን ጫፍ መጀመሪያ በጨርቅ አድርቂው፣ ምራቅ ካለበት አይይዝም። ከዚያ ድብልብሉን ጫፉ ላይ ጫን አድርጊና ዙሪያውን ድፈኚው። ስትበላ ይወድቃል፣ በአዲስ ትለውጠዋለች። ብትውጠውም አይጎዳትም፣ እኔ ስንቱን ውጬዋለሁ።

ነርስ ከአያት
ልክ ነው። ለጥርሱ ሕመም ፓራሲታሞል በክብደቷ ልክ፣ ሽሮፕ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ ያለውን አንብቢ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። አይቡፕሮፌን ከሆነ ከምግብ በኋላ ብቻ ነው፣ ከሰኞ ጀምሮ ስትጾም በባዶ ሆዷ እንዳትሰጫት። ቀዝቃዛ ውሃ በትንሽ በትንሹ መጠጣትም ይረዳል። አንዳንዱ ሽቦ በአፍ ሙቀት ነው ኃይል የሚያገኘው፣ ሲቀዘቅዝ ለጊዜው ላላ ይላል።

የሱሉልታዋ
የጨው ውሃውን እንዳትረሺ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ምግቡንስ ምን እያበላሻት ነው? የጾም ምግብ ለዚህ ይመቻል እኮ። ሽሮ ፍትፍት፣ አጥሚት፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ በሶ በጥብጠሽ። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን ሳምንት ያለፈችው በበሶ ነው።

የለገጣፎ አባት
ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የበቆሎ እሸት ከነቆረቆንዳው፣ ሸንኮራ፣ ካራሜላ፣ ማስቲካ፣ ሽቦው እስኪወጣ ድረስ የሉም በሉ። ጾም ሲፈታ አጥንት መጋጥም የለም፣ ሥጋው በቢላ ደቀቅ ይበል። የበቆሎ እሸቱ ተፈልፍሎ ለስልሶ ከተቀቀለ ይበላል። ሌላው መፋቂያ ነው። እኔ በመፋቂያ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ እወደዋለሁ፣ ግን በነዚያ ብረቶች መሃል ሲገባ ይነቅላቸዋል። ለስላሳ ብሩሽ፣ ከምግብ በኋላ ሁሉ፣ ከብረቱ በላይም በታችም። ብረቱ ዙሪያ ምግብ ከተኛ ሽቦው ሲፈታ ነጭ ነጭ ምልክት ይቀራል። የትንሿ ልጄ ሁለት ጥርስ ላይ አለ።

ሰሚት
ጥያቄ አለኝ፣ ይቅርታ ለመሃል ለመግባት። የኔ ልጅ ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጥራለች፣ ዛሬ ኋላ ጥርሶቿ መሃል ትንንሽ ላስቲክ አስገብተው ሰደዷት። ይሄም ያማል እንዴ?

የለገጣፎ አባት
የኋላ ጥርሷ ላይ የሚጠልቀው የብረት ቀለበት የሚገባበትን ቦታ የሚከፍት ላስቲክ ነው። ሥጋ ጥርስ መሃል እንደተሰነቀረ ያለ ስሜት አለው፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። በክር ወይም በስንጥር እንዳታወጣው። ከቀጠሮው በፊት ከወደቀ ደውይላቸው። ስትታሰር ብረቶቹ ላይ የሚደረገውን ባለ ቀለም ላስቲክ ምረጪ ሲሏት ደግሞ ነጩን እንዳትመርጥ፣ እርድ ያለበት አልጫ በአንድ ምሳ ቢጫ ያደርገዋል።

የኮዬዋ እናት (ማታ 4:20)
ለጠፍኩላት። ሁለቴ ወደቀ፣ በሦስተኛው በደንብ ሳደርቀው ያዘ። አጥሚት ጠጥታ፣ በጨው ውሃ ተጉመጥምጣ ተኝታለች። ጉንጯ ውስጥ የምስር ክክ የምታክል ነጭ ቁስል አለች፣ ሌላ ነገር የለም። ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነስተን እንሄዳለን። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ነርስ ከአያት
ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ ብረት መልቀቁን ንገሪያቸው፣ እንደ ተራ ቀጠሮ ከያዙሽ ጊዜ ስለማይመድቡልሽ ሌላ ቀን ተመለሺ ይሉሻል። ቁስሏ በሁለት ሳምንት ካልዳነ አሳዪ።

የቃሊቲ ልጅ (ማክሰኞ)
እህቴ፣ ሰኞ ምን አሏችሁ? ብረቱን መልሰው ለጠፉላት?

ሰሚት (ሐሙስ)
የኔዋም ዛሬ ታሰረች። ሰሟን ተቀብያለሁ። ኮዬ ያለሽው እህቴ፣ ልጅሽ እንዴት ሆነች?